የውጅግራው ምላጭ

ሰኞ፣ ታህሳስ 4

ምላጩ የአካኮ ጣት ላይ ቀረ። ሲስቡት ቋ አለና እንደ ዶሮ አጥንት ተሰበረ። የሆነው ቅዳሜ ነው። እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት። ደሜ ፈላ።

ለማን ልናገር። መብራት የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ሥራ የለም። ይሄ ደብተር የበርና የመስኮት ልክ የምጽፍበት ነው፣ ከጀርባው ጀመርኩት። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ፊደልህ ተሳስቷል የሚል ካለ ይምጣና እንተያያለን።

አካኮ የእናቴ አባት ናቸው። ከገፈርሳ ማዶ፣ ባህር ዛፉን አልፎ ያለው ግቢ የሳቸው ነው። ቅዳሜ ሜትር ጎታቾቹ መጡባቸው። ካስማ፣ ገመድ፣ ቀይ ቀለም። ማስተር ፕላን ነው ብለው ጤፉ መሃል ካስማ ሲተክሉ አካኮ ገብተው ውጅግራቸውን ይዘው ወጡ። አባታቸው በፈረስ የለወጡት ጠመንጃ ነው። ጥይት የለውም። የውጅግራ ጥይት እኔ ከተወለድኩ ወዲህ አይቻለሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ለማስፈራራት ነው ያወጡት። ደገኑ፣ ሳቡ፣ ምላጩ ተሰበረ።

ሳቁባቸው። አንዱ ገመድ ያዥ፣ የኔ እኩያ ነው አሉ፣ «አባባ፣ ከነጠመንጃዎት ጡረታ ይውጡ» አላቸው። ከዚያ የግቢውን በር ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ።

ከቅዳሜ ጀምሮ አካኮ ከቤት አልወጡም። በሩን ማየት አይፈልጉም። እህል ቀምሰው ይተዉታል። ዛሬ ስሄድ አልተቆጡኝ፣ አላለቀሱ፣ ስባሪውን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቴን አጠፉት። በቃ።

እኔ ለሚ ነኝ። ከኬላ እስከ አሸዋ ሜዳ እጄ ያልነካው በር የለም። «አካኮ፣ በዚህ ሳምንት ቀጭ ብሎ ይሰሙታል» አልኳቸው። ማልኩ። ውጅግራ ጥይት ባይኖረውም ሲስቡት ቀጭ ይላል። እሳቸው የሚፈልጉት ያቺን ቀጭ ነው። ምላጩን የሚይዘውን ፒን አውጥቼ ውስጥ የቀረውን ጉማጅም ይዤ መጣሁ።

ማክሰኞ

መስፍን ቶርኖ ጋ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

በሰፈሩ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ያለው እሱ ብቻ ነው፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ሁለት ዓመት እሱ ጋ ሠርቼ ተጣልተን ነው የወጣሁት። ስባሪውን አሳየሁት። አገላብጦ አየውና ሳቀ። ሠራተኞቹ ፊት «አንተ የሠራኸው በር ሲዘጋ እኮ ቤቱ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ አሁን ደግሞ ጠመንጃ?» አለኝ።

የብረት መያዣውን ሞርሳ ነቅዬ ግንባሩ ላይ ልገጥምለት አሰብኩ፣ ግን እጄን ኪሴ ከተትኩ። ለአካኮ ብዬ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚህ ሰዓት የጠመንጃ እቃ የኔ ቶርኖ ላይ አይወጣም፣ ልጆች አሉኝ አለ። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት ፈልግ፣ በእጅ ሞረድ ብቻ ነው የሚሆነው፣ አንተ ግን ትዕግስት የለህም አለኝ። የመጨረሻዋን ለምን ጨመራት?

ሞረድ አልገፋም። የሞረድ ዘመን አልፏል። ጳውሎስ ጋ ደወልኩ። ጀለሴ ነው፣ የሆሳዕና ልጅ፣ ሰበታ ክር ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ተጂ ገበያ ላይ የድሮ ጠመንጃ እቃ የሚሸጡ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስልክ ይጠለፋል ስለሚባል ጠመንጃ የሚለውን ቃል አልጠራሁም። ነቄ ነኛ። «ተጂ ሂድና ሽማግሌው ጋ ምላጭ ግዛልኝ። የድሮውን። አዲስ እንዳታመጣብኝ» አልኩት።

«ምላጭ?»

«ምላጭ። ስንቴ ልበልህ።»

«እሺ ወንድሜ። ጌታ ይርዳህ።»

ይህን ያህል ቀላል ነው። መስፍን ቶርኖ ይታነቅ።

ረቡዕ

መንገዱ ዝግ ነው። ከኬላ ወዲህ ድንጋይ፣ ግንድ፣ የተቃጠለ ጎማ። ተማሪዎቹ ወጥተዋል። ወታደር በኦራል መኪና መጣ። አስለቃሽ ጭሱ በር የምሠራበት ሱቄ ድረስ ገብቶ የቀባሁት መስኮት ላይ ሁሉ አመድ ለጠፈብኝ። እዚያ ነበርክ ወይ የሚል ቢመጣ፣ ነበርኩ ብዬ አልጽፍም። አልነበርኩም ብዬም አልጽፍም። የጎረቤታችን ልጅ ተይዟል። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ ዋለች፣ የት እንደወሰዱት የሚነግራት የለም።

ከሰዓት መብራት አንድ ሰዓት መጣ። ዘልዬ ብየዳውን ለኮስኩ። ሁለቱን ስባሪ አገናኝቼ በየድኩት። ቆንጆ። በግራይንደር አሳመርኩት። ሞርሳ ላይ አስሬ በጣቴ ስስበው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። እንደገና በየድኩ። መብራት ጠፋ።

አሁን ሁለት ስባሪ አይደለም፣ አራት ነው። ለልክ እንኳን የማይሆን አደረግኩት። መዶሻውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩ። ላሜራው ጎደጎደ። የራሴ ግድግዳ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል።

ሐሙስ

ጳውሎስ መጣ። በእግሩ። ታክሲ ስለሌለ ከትናንት ጀምሮ ሲሄድ፣ ሰው ቤት አድሮ፣ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ሁለት ቦታ ፈትሸውታል። እግሩ ተልጧል። «አገኘሁት» ብሎ ከካልሲው ውስጥ አወጣ።

ሦስት ፓኮ የጢም ምላጭ።

ቆሜ አየሁት። «የድሮው ዓይነት አልቋል አሉኝ፣ ይሄኛው ግን ቶሎ አይዶለዱምም» አለኝ። ሽማግሌ የተባሉትን ፈልጎ ሲያጣ፣ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም አባት አገኘ፣ እሳቸው ሸጡለት። የገዛው እኔን ደስ እንዲለኝ ነው።

ጮህኩበት። እናቱን አልሰደብኩም እንጂ ያልሰደብኩት የለም። «ምላጭ! የጠመንጃ ምላጭ! ጣት የሚስበው!» እሱ እግሩን እያሸ «ታዲያ ጠመንጃ አላልከኝም እኮ» አለ።

ከዚያ የፍተሻውን ነገረኝ። ወታደሩ ካልሲውን አስወልቆ ፓኮዎቹን አገኘ። ለምን ደበቅከው አለው። ለጓደኛዬ ነው አለ። ጓደኛህ ጢሙ ምን ያህል ነው? «በጣም ያስቸግረዋል ጌታዬ» አለው። እኔ አገጬ ላይ ሰባት ፀጉር ነው ያለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ ታየኝ። የላክሁትን ነገር አግኝቶት ቢሆንስ? ካልሲው ውስጥ የጠመንጃ ምላጭ ቢያገኙስ? ይሄኔ ጳውሎስ የት ነበር? ሰው የማይነካ፣ ለፋብሪካውና ለቸርቹ ብቻ የሚኖር ልጅ። ነቄ ነኝ ብዬ ነበር። ቀሽሙ እኔ ነኝ።

መንገድ ስለተዘጋ እኔ ጋ ነው ያለው። እግሩን በጨው ውሃ አጠብኩለት። ይህን ለማንም አላወራም።

ዓርብ

ሞረድ ገፋሁ። በቃ፣ ጻፍኩት። መስፍን እንዳለው፣ ከአሮጌ አውቶቡስ ባሌስትራ።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ሞረድ ጨረስኩ። አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደማ። የመጀመሪያው ወፈረ። ሁለተኛው ቀጠነ። ሦስተኛውን ልጨርስ ስል ተናደድኩና አበላሸሁት። ጳውሎስ ከኋላዬ መዝሙር ያንጎራጉራል። ዝም በል አልኩት። ዝም ሲል ደግሞ እጄ ይቸኩላል። «በል ቀጥል» አልኩት። በመዝሙሩ ልክ ገፋሁ፣ አራተኛው ወጣ። ጎበጥ ያለ፣ ለጣት የሚመች። ባለሙያ እንዲህ ነው።

ወደ አካኮ ግቢ የሚወስደው መንገድ ላይ ፍተሻ ቆሟል። ምላጩን ከጳውሎስ ፓኮ አንዱ ውስጥ ከተትኩት። ወታደሩ ፓኮውን ከውጭ ጨበጥ አድርጎ ምንድነው አለኝ።

«ምላጭ ነው።»

ለቀቀኝ። ይኸው፣ ለመንግሥት ውሸት አልተናገርኩም።

አካኮ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ውጅግራውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፒኑን አወጣሁ፣ የኔን ገጠምኩ፣ ፒኑን መለስኩ። ሰጠኋቸው። ደገኑ። ከዚያ ሳቡት።

ቀጭ።

እንደገና። ቀጭ። ዓይናቸውን ጨፍነው ስድስት ሰባት ጊዜ። ከዚያ ተነስተው ጫማቸውን ፈለጉ። ማሳው ድረስ ሄደው ካስማዎቹን አንድ በአንድ አይተው ተመለሱ። አልነቀሉም። አዩ ብቻ። ማታ ሁለት እንጀራ በሉ ብላ እናቴ ነገረችኝ።

ቅዳሜ

ፑል ቤት። መብራት ባይኖርም በሩ ተከፍቶ ይጫወታሉ። መስፍን ቶርኖም ነበር።

ምን አባቴ አስለፈለፈኝ። ሳምንት ሙሉ የታፈነ ነገር ነው። የአካኮን ውጅግራ ከሞት አስነሳሁት አልኩ። በእጅ፣ በሞረድ። ስቲኩን ደግኜ አሳየኋቸው። «ከፋብሪካው ይበልጣል» አልኩ። አንዴ አይደለም፣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየዞርኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። መስፍን ላይ ዞሬ «ቤቱ ነው የሚንቀሳቀሰው ወይስ ሌላ ነገር?» አልኩት። ኳሷን አስገባና ስቲኩን አስቀምጦ ወጣ።

እንዴት ጥሩ ቀን ነበር።

እሁድ

አፌን በቆረጠው።

ከጠዋቱ በድምጽ ማጉያ ተነገረ። በየቤቱ ያለ የድሮ መሣሪያ ይታያል። የሚሠራው ሁኔታው እስኪረጋጋ ቀበሌ ይቀመጣል። የማይሠራው ለባለቤቱ ይቀራል፣ ግድግዳ ላይ ይስቀለው። ይቀመጣል ያሉት ነገር የሚመለስ የሚመስለው ካለ እሱ ሌላ አገር ነው ያደገው። የአካኮ የግጦሽ መሬትም ለጊዜው ነበር የተባለው። አሁን ላዩ ላይ መጋዘን አለ።

ገመቹ፣ የቀበሌው ሚሊሻ አዛዥ፣ ራሱ አካኮ ጋ መጥቶ በክብር ሰላም ብሎ ተቀመጠ። «ኦቦ ነገራ፣ ውጅግራዎ ነፍስ ዘርቷል ሲባል ሰማሁ። ነገ መጥተን እናየዋለን» አላቸው። ከማን ሰማ? ከማንስ ያልሰማ አለ። ቡራዩን ሙሉ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ተሰብሮ ቢቀር ኖሮ የሚነካው አልነበረም። እኔ ነኝ ጠግኜ ያስወሰድኩት።

ጫካ ወስጄ ልቅበረው አልኩ። መጥተው ሲያጡት እሳቸውን ይወስዷቸዋል አለች እናቴ። በር ላይ ቆሜ ማንንም አላስገባም አልኩ። አካኮ በደንብ እስክደክም ጠበቁኝ። ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ። በዚህ ሽበት አልዋሽም አሉ። የሚሠራውን አይሠራም ብዬ አልናገርም። ይሠራል ያልክ አንተ ነህ፣ ቃሉ ያንተ ነው፣ አንተ አውርደው አሉኝ።

ጠላኋቸው። ለአንድ ደቂቃ፣ እውነቴን ነው፣ ጠላኋቸው።

ከዚያ ገባኝ፣ ካልሠራ አይወሰድም። ፒኑን አወጣሁ። የኔን ምላጭ ነቅዬ ከአራቱ ቁራጭ የተረፈውን ጉማጅ መለስኩ። አካኮ ሳቡት። ምንም። አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁና ለነገ ጋቢያቸውን አዘጋጁ።

የሚዋሸው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

ሰኞ፣ ታህሳስ 11

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ገመቹ ከሁለት ሚሊሻ ጋር መጣ። ባለሙያ ብሎ ማንን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? መስፍን ቶርኖን። ሰፈሩ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ፑል ቤት ያጨበጨቡልኝ ልጆች ሳይቀሩ።

ገመቹ ውጅግራውን ተቀብሎ ጉማጇን በጣቱ ነካ። «ይሠራል ወይ ኦቦ ነገራ?»

አካኮ ቀጥ ብለው «ሂን ሆጀቱ» አሉ። አይሠራም። እውነታቸውን ነው፣ በዚያች ሰዓት አይሠራም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከፋብሪካው ይበልጣል ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ አለኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። አካኮም አዩኝ። የኔ ምላጭ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ ተደብድቤ አውቃለሁ፣ ታስሬ አውቃለሁ፣ ይህን ግን ብዬ አላውቅም።

«አልቻልኩም» አልኩ። «ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ጉራ ነው።»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ገመቹ ግን አልሳቀም። ጠመንጃውን ለመስፍን ሰጠው፣ ተነክቶ ከሆነ እይልኝ አለው።

መስፍን ወደ ብርሃኑ ዞሮ አቀረበው። ጣቱን ፒኑ ላይ አቆመው። ቆመ። ያቺ ጣት የቆመችበት ቦታ ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። እሱ ያላወቀው የብረት ነገር የለም። ቅዳሜ ሰው ፊት ያዋረድኩት ሰውዬ ነው። 

«ይሄ ልጅ ነው የጠገነው ያላችሁኝ?» አለ። «ይሄ ልጅ የሽንት ቤት በር ሰጥቼው ሁለት ዓመት እኔ ጋ አለቀሰ። ማጠፊያ እንኳን ቀጥ አድርጎ አይገጥምም። እንኳን ውጅግራ፣ ምጣድ አይጠግንም። እንዲያውም የተሰበረውን ጨርሶ ሰባብሮታል፣ ያሳዝናል። ይቺ ከአሁን በኋላ ለልቅሶ ቀን ማሳያ ትሁን እንጂ ሌላ አትሆንም።»

ሰዉ በሳቅ ሞተ። ጆሮዬ እንደ ፍም ጋለ። ልዘልበት ፈለግኩ፣ ልስመው ፈለግኩ፣ የቱ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ገመቹ የሆነ ወረቀት ላይ ጻፈና ጠመንጃውን በሁለት እጁ ለአካኮ መለሰ። ሄዱ።

መስፍን ሲወጣ አጠገቤ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ሳያየኝ «ፒን ስትመልስ ዘይትና ጥላሸት ቀባው» አለኝ። «አዲስ ጭረት ያበራል።»

ሄደ።  

ረቡዕ

ሁለት ቀን ሰው ፊት አልወጣሁም። ዛሬ ስወጣ አንዱ ከሩቅ «ምጣድ ትጠግናለህ?» አለኝ። ድንጋይ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩት። ጳውሎስ መንገድ ተከፍቶለት ትናንት ሄዷል። የቀሩትን ሁለት ፓኮ ምላጮች ትቶልኝ፣ ጢምህ ሲያድግ ብሎ።

የኔን ምላጭ ኪሴ ይዤ መዞር አልቻልኩም። ቤት ብደብቀው ይፈተሻል፣ ብጥለው እሞታለሁ። ዛሬ ከሰዓት መብራት መጣ። የእጅ ብየዳዋን ተሸክሜ አካኮ ግቢ ሄድኩ፣ ከጎረቤት የመብራት ገመድ ሳብኩ። ያ ቀይ የተቀባው በር እኔ ራሴ ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁት ነው። ከላይ የጠማዘዝኩት የብረት ጌጥ አለው፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ምናምን። ከቅጠሎቹ መሃል ምላጩን አስቀመጥኩት። ጎበጥ ያለ ስለሆነ ልክ እንደ ቅጠል ነው። በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ ያዝኩት፣ ሲፈለግ በመዶሻ አንዴ ቢመቱት ይወልቃል። ዘይትና ጥላሸት ቀባሁት። አሁን ማንም ቢያይ ከሌላው አይለየውም።

ቀዩን ቀለም አልነካሁም። አካኮ ተወው አሉኝ። ቤቱን ሊያፈርሱት ይችላሉ፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዱ ማስተር ፕላኑ ይቀራል ይላል፣ አንዱ ስሙን ቀይረው ይመጣሉ ይላል። እኔ ማንንም አላምንም። ቤት ቢፈርስ ግን በር ይነቀላል። ተሸክሜው እሄዳለሁ።

ልወጣ ስል አካኮ እስከ በሩ ሸኙኝ። ቀይ ከቀቡበት ቅዳሜ ወዲህ በሩን በእጃቸው ሲነኩ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። ጣታቸውን ወደ ላይ ሰደዱ፣ ቅጠሎቹን ዳበሱ፣ አንዷ ላይ ቆሙ። ሳብ አደረጉ። አልተንቀሳቀሰም፣ ጥሩ ነው የያዝኩት። በምላሳቸው «ቀጭ» አሉና ገቡ።

ሰው ፊት አልቻልኩም ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ደብተሩ ግን የኔ ነው፣ ሰው አያነበውም። አንዴ ብቻ ልጻፈው።

ከፋብሪካው ይበልጣል።